በቀርቀሃው ወንበር ላይ የተቀመጠችው

አማን፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለፀደይ፦

ሰላምታዬ ከዚህ ከዓረብ አገር፣ ከአማን ተነስቶ ቆሰበር ድረስ ሳይደክመው ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ፀጉር ቤቱስ? አገሩ ሁሉ ጥርን ጠብቆ ስለሚያገባ እጅሽ ሳይዝል እንዳልቀረ አውቃለሁ። አክስቴ እታለማሁስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ፈጣሪ ክብሩ ይስፋና ደህና ነኝ። የምጠብቃቸው አሮጊት፣ ማዳም፣ ዘንድሮ ጭራሽ ለምደውኛል፤ ከእኔ እጅ ካልሆነ ሻይ አይጠጡም። ኮንትራቴ እስኪያልቅ በሰላም ያቆይልኝ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።

የፍቅርአዲስ የሰርግ አልበም ደረሰኝ! ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ በጋቢ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እልል ስል ማዳም እሳት የተነሳ መስሏቸው በሩን በከዘራቸው ደበደቡት። ታናሽ እህቴ በዓይኔ ሳላያት ተዳረች፤ ምን ይደረግ፣ እንኳን በሰላም ተዳረች።

እማዬን ሳያት ግን እንባዬ መጣ። በሙሽራውና በሙሽራዋ መሀል፣ በዚያ ቤታችን ባለው የቀርቀሃ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። ለዚህ ሰርግ ብላ ያሰፋችውን አረንጓዴ ጥለት ያለውን ቀሚስ ለብሳለች። ወጣት ሆናለች እኮ! ምን አበላችኋት?

ብቻ ፀደይ፣ ያ ፎቶ አንሺው አበረ፣ እጁ ይባረክና፣ ሰዉን ሁሉ ገትሮ ገትሮ ችካል አስመስሎታል። እማዬ በሁሉም ፎቶ ላይ ፊቷ አንድ ነው። እማዬ ትሙት አንድ ነው! ኬክ ሲቆረስም፣ ጉልበት ሲሳምም፣ ፈረሰኞቹ ሲገቡም ያው ፊት። ሳቅ የለ፣ ቁጣ የለ። የእኔ እናት እንዲህ ዝም ብላ የተቀመጠችበትን ቀን አላውቅም።

ስለዚህ ያንቺን ፎቶ ላኪልኝ። ስልክሽን ሳትደቅኚ ሰርግ እንደማትውይ አገር ያውቃል። ሰው ሳያውቅ የምታነሺያቸውን ነው የምፈልገው፤ እማዬ ወጥ ስትቀምስ፣ እማዬ አሳላፊውን ስትሳደብ፣ እማዬ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ስትጨፍር። እማዬ ያለችበት ጥርባ ላይ ኔትወርክ ከሞተ ቆየ። ድምጿን ካጣሁ ፊቷን እንኳ ልጥገብ።

የምትወድሽ ሶስና


ቆሰበር፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ሶስናዬ፦

ይህን ደብዳቤ አልልከውም። ጽፌ ስጨርስ ከፀጉር ዘይቱ ካርቶን ሥር እሸሽገዋለሁ። ለሰው ካልተናገርኩት ልቤ ይፈነዳል፤ እንዳልናገር ደግሞ አጎታችን አያ አወቀ መስቀል አስመትቶ አስምሎኛል።

እናትሽ አርፋለች። ጳጉሜ ላይ ሆዴን ብላ ተኛች፣ ሳትነሳ ቀረች። ማርያም ቀብረናታል። አርባዋም ወጥቷል።

ላንቺ እንዳይነገርሽ የወሰነው አያ አወቀ ነው። «በሰው አገር፣ በሰው ጓዳ፣ የሚይዛት ዘመድ ሳይኖር መርዶ አትሰማም። ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ እናረዳታለን» አለ። ማንም አልተቃወመም። እኔም ትክክል ነው ብዬ ነበር።

ችግሩ ሰርጉ መጣ። የወንዱ ወገን ደግሶ፣ ቀኑ ተቆርጦ አልቋል፤ ጥቁራችንን አውልቀን ፍቅርአዲስን ዳርናት። አልበሙ ላንቺ መላኩ አይቀርም፤ እናቷ የሌለችበት የሙሽራ አልበም ደግሞ ራሱ መርዶ ነው። አያ አወቀ አበረን አስጠራው። አበረ የእናትሽን የመታወቂያ ፎቶ አገላብጦ አየና «ጉርድ ፎቶ ይዤ ሙሉ ሰው ከየት ላምጣ? በቁመትም በትከሻም የምትመስላት ሴት ልብሷን ለብሳ ትቀመጥልኝ። ፊቷን ኋላ በኮምፒውተር እቀይረዋለሁ» አለ። ሁሉም ዞሮ እናቴን አየ። እህትማማቾች አይደሉ? ከኋላ ሆነሽ ስታያቸው እኛ ልጆቻቸው እንኳ እንሳሳት ነበር።

ፀጉሯን እኔ ነኝ የሠራኋት፣ እንደ እናትሽ አድርጌ። እናቴ ሹሩባ ስትሠራ ታውቂያታለሽ፣ «ገደልሽኝ!» እያለች ሰፈር ትጠራለች። የዚያን ዕለት ያን ቀሚስ ለብሳ ጭንቅላቷን ሰጠችኝ፤ አንዴ እንኳ «እህ» አላለችም። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

በሰርጉ ላይ አበረ ስልክ ከለከለ። «እንግዶች፣ ስልካችሁን አውርዱ! በየመሀሉ እየገባችሁ ሥራዬን አታበላሹ!» እያለ ሲጮህ ውሎ ድምፁ ተዘጋ። የእሱስ ስለ ሥራው ነው። አያ አወቀ ግን አንዲት ፎቶ ሾልካ አንቺ ጋ ትደርሳለች ብሎ ስልክ ያወጣውን ሁሉ በዓይኑ ይበላዋል። ለእኔማ ራሱ መጥቶ «እኔ የምፈራው አንቺን ነው» አለና ቦርሳዬን ነጠቀኝ። ስልኩ መቼ ቦርሳው ውስጥ ነበርና!

አነሳሁ። አበረ «አሁን!» ሲል ሁሉም ይገተራል፣ «በቃ!» ሲል ሁሉም ይፈታል። እኔ የምወደው ያንን «በቃ» ከተባለ በኋላ ያለውን ነው። ሙሽራው ጠባብ ጫማውን ያወልቃል፣ ሚዜው ጥርሱን ይጎረጉራል፣ አሮጊቶቹ መተማማት ይጀምራሉ። ያን ዕለትም «በቃ!» ተባለ፣ ሁሉም ተፈታ። እናቴ ግን ከወንበሩ አልተነሳችም።

ፍቅርአዲስ መጥታ አጎረሰቻት። ዘመዱም ተራ በተራ ጉልበቷን እየሳመ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ይላት ጀመር። መጀመሪያ እንደ ቀልድ እየሳቁ ነበር። ኋላ መሳቁን ተዉት። እናቴ ፍቅርአዲስን መረቀቻት፤ በአዊኛ፣ እናትሽ ታደርገው እንደነበረው በምርቃቱ መሀል ሁለቴ ሳል ሳል እያለች። እናቴ ስትመርቅ ስላ አታውቅም። ፍቅርአዲስ ያኔ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ አበረ ደግሞ «ኩልሽን አበላሸሽው» ብሎ ተቆጣት።

በማግስቱ «እማዬ፣ ቀሚሱን አውልቂና ወደ ቆሰበር እንሂድ» አልኳት። «ቤቱን ማን ይጠብቃል?» አለችኝ። ይኸው እስከዛሬ ጥርባ ናት፣ እናትሽ ቤት፣ እናትሽ አልጋ ላይ። ለጊዜው ነው፣ ሐዘን ነው ይሉኛል። እኔ ግን ፈርቻለሁ።

«እማዬ ትሙት» ብለሽ የማልሽበትን መስመር ሳነብ ደብዳቤሽን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ፀደይ


ቆሰበር፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሶስና፦

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ቤቱን በደስታ ሞላሁት። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አገሩም ደህና ነው፣ ብርዱ ብቻ ነው ያላዘነልን። ፀጉር ቤቱ ሰርጉ ሲያልቅ ቀዝቀዝ ብሏል።

እንዳልሽው ፎቶዎቼን በሚሞሪ ካርድ አድርጌ ልኬልሻለሁ። ሚዜውን እይልኝ፣ ጥርሱን ሲጎረጉር ይዤዋለሁ፤ ቢያውቅ ይገድለኛል። ፈረሰኞቹም አሉ። የእናትሽን ግን አትፈልጊ፤ እሷ ጋ ስደርስ ስልኬ ባትሪ ጨረሰብኝ። ደህና ናት፣ አትስጊ። ጆሮዋ ብቻ ትንሽ ስለከበደ ስልክ አልወድም ትላለች።

እናትና አባት ሆኖ የሚጠብቅ አምላክ ካንቺ አይለይ።

እህትሽ ፀደይ


አማን፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደይ፦

ሞትን የረታው ጌታ ቤታችሁን በጤና ይሙላው፤ ፋሲካ እንዴት አለፈላችሁ? እኔ ማዳም ዶሮ ገዝተውልኝ ወጥ ሠራሁ፤ ለእሳቸው በርበሬው አይሆንምና ድስቱን ብቻዬን ጨረስኩት።

ፎቶዎችሽን አይቼ አልጠገብኩም። ያ ሚዜ! ሙሽራው በካልሲ! የአበረን አልበም ያየ ሰርጉን አየሁ ይላል፤ ያንቺን ያየ ግን ሰርጉ ላይ ውሏል።

እማዬ የለችም። ስልክሽ ባትሪ የሚጨርሰው የእኔ እናት ጋ ሲደርስ ነው እንዴ? ይሁን ግዴለም። ግን እሷን ስፈልግ ሌላ ሰው አጣሁ። አክስቴ እታለማሁ የት ናት? አልበሙን አምጥቼ ካንቺ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አየሁት። በአበረም የለች፣ ባንቺም የለች። የእህቷ ልጅ ስትዳር ቀርታ? እሷ ሳትኖርማ ሰርጉን ማን አዘዘው? ደግሞ አንደኛው ፎቶ ላይ ጓዳው በር አጠገብ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች። በሰርግ ቀን እንደ ሐዘንተኛ ነጠላ የምታዘቀዝቅ ማናት? ማን ሞቶባት ነው?

አሁን ደጉን ወሬ ልንገርሽ። በፋሲካ ማግስት እንደው ተስፋ ሳልቆርጥ የእማዬን ስልክ ሞከርኩ። ጠራ! አነሳችው! ነፋስ ነፋስ ይላል እንጂ ራሷ ናት። በአዊኛ፣ ልጅ ሆኜ ሰው በሌለበት ብቻ በምትጠራኝ ስም ጠራችኝ። ያን ስም ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም፣ ፍቅርአዲስም አታውቀው፤ እዚህም አልጽፈውም፣ የእኔና የእሷ ነው። «እግሬን በረደኝ፣ ጫማ ላኪልኝ» አለችኝና መስመሩ ተቆረጠ። እንኳን ጆሮዋ ሊከብድ ከእኔ የተሻለ ትሰማለች፣ አንቺ ቀጣፊ!

ጫማውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። በእማዬ ልክ ነው፤ ታውቂያታለሽ፣ እግሯ የልጅ እግር ነው። ልክ መሆኑን አይተሽ ጻፊልኝ። የአክስቴንም ነገር እንዳትረሺ።

ሶስና


ቆሰበር፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሶስና፦

ጤናሽ እንደ ምኞቴ ይሁንልሽ። መልሴ ዘገየ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ልልሽ አስቤ ነበር፤ መዘጋቱም እውነት ነው። ግን እሱ አይደለም፣ መጻፍ አቅቶኝ ነው።

ጫማውን ራሴ ጥርባ ወሰድኩት። ልክ ሆነ።

ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ጎረቤታችሁ በቀለች ናት። ሐዘን ላይ ናት። አበረ ጓዳውን ስለማያነሳ ግድ አልሰጣትም፤ እኔ ደግሞ ስመርጥ ሳላያት አለፈችኝ።

ስለ እናቴ ጠይቀሽኛል። በሰርጉ ዕለት ነበረች። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ፣ ሶስና፣ በማርያም።

ይልቅ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለእናቴ ደብዳቤ ጻፊላት። ለእናትሽ ሳይሆን ለእናቴ። «አክስቴ እታለማሁ» ብለሽ በስሟ ጥሪያት። ስለ ጉልበቷ ጠይቂያት። ቤቷ ቆሰበር ገበያው ማዶ መሆኑን፣ ደጇ ላይ ኮክ መትከሏን፣ ፀደይ የምትባል ልጅ እንዳለቻት፣ ልጅቱ ሹሩባ ስትሠራት እንደምትጮኽባት፣ ይህን ሁሉ ጻፊላት። ደብዳቤውን ጥርባ ላኪው፤ የማርያም ዲያቆን ያነብላታል። ለምን አትበይኝ። ያበደች ብትመስልሽም ዝም ብለሽ ጻፊላት።

ሌላ ጫማም ሆነ ልብስ አትላኪ። እባክሽ አትላኪ።

እህትሽ ፀደይ


አማን፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደይ፦

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

አወቅሁ እኮ፣ ፀደይ። እንዳልሽኝ ለአክስቴ ጻፍኩላት። ስለ ጉልበቷም፣ ስለ ኮኩም፣ ስላንቺም። መልስ መጣ። የመለሰችልኝ ግን እማዬ ናት። ዲያቆኑ የጻፈላትን እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«ልጄ ሶስና፣ ለእህቴ የላክሽው ደብዳቤ ተነበበልኝ። እህቴ እታለማሁ ከሰርጉ ወዲህ የለችም። በደህና ሄዳለች፣ አትጠብቂያት። ልጇ መጥታ መጥታ በሩ ላይ ታለቅሳለች፤ ታሳዝነኛለች። እኔ አለሁላት። ጫማው ተመችቶኛል።»

ይህን አንብቤ ነገሩ ገባኝ። ለካስ አክስቴ አርፋ ነው! ለካ ፎቶው ላይ ያጣኋት ለዚህ ነው። በሰርጉ ዕለት ነበረች ያልሽኝም ልትሸሽጊኝ ብለሽ ነው። ለካ በቀለች ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ለእሷ ነው። አንቺም «ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ» ያልሽኝ፣ «በስሟ ጥሪያት» ያልሽኝ፣ ሞቷን አምነሽ መቀበል አቅቶሽ ነው። የእኔ ደሃ! በሰው አገር እንዳልደነግጥ ብላችሁ ደበቃችሁኝ አይደል? ይህ የአያ አወቀ ሥራ ነው፤ አገር ስገባ እሱንስ አለቀውም።

ማዳምን አስፈቅጄ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ። እዚህ ያሉ ያገሬ ልጆች መጥተው አስለቀሱኝ። አክስቴ በእጇ ያላጎረሰችኝ ቀን ነበር እንዴ? አልቅሼላታለሁ፣ ፀደይ፣ እንደ እናቴ አልቅሼላታለሁ።

አንቺ ግን ብቻሽን አይደለሽም። እማዬ የጻፈችውን አየሽ፤ «እኔ አለሁላት» ብላለች። ከእንግዲህ እሷ ለሁለታችንም እናት ናት።

ሐዘንተኛዋ እህትሽ ሶስና


ቆሰበር፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶስና፦

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ከማንበብሽ በፊት ሰው ጥሪ፣ አጠገብሽ ሰው ይቀመጥ።

እናቴ አልሞተችም። የሞተችው እናትሽ ናት። እግዚአብሔር ያጽናሽ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ሽማግሌ የለ፣ የሚይዝሽ ክንድ የለ፤ እኔ ባለጌ ሆኛለሁ። አያ አወቀ ቢሰማ ከዘር ይፍቀኝ። ግን በሕይወት ላለች እናቴ «ነፍሷን ያኑርልን» ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ አገር ሰብስበሽ ስታለቅሽላት፣ እኔ ከዚህ በላይ እንዴት ልቻል? የካቲት ላይ ጽፌ የደበቅሁትን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ እሱን አንብቢ፣ ከዚያ ወደዚህ ተመለሺ።

አነበብሽው? ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። ለዲያቆኑ ያጻፈችው እናቴ ናት። ያን ስም ከየት እንዳመጣችው ግን አላውቅም። ጫማሽን ያደረገችውም እሷ ናት፤ ሕይወቷን ሙሉ የወንድ ጫማ ካልሆነ የማይገባት እናቴ ያን የልጅ ጫማ እንደ ካልሲ ሰክታው ቤቱን ዞረችበት። ጠበል ወሰድኳት፣ ተጠመቀች፣ አመሰገነች፣ ተመልሳ ቀሚሱን ለበሰችው። ሹሩባ ስሠራት አትጮህም። ባለፈው ስሄድ በሩ ላይ ተቀበለችኝና «የእህቴ ልጅ፣ ግቢ፣ በረደሽ» አለችኝ። የእህቴ ልጅ! እኔ ማህፀኗን ያሟሸሁት፣ ፀደይ!

ወደ አበረ ሄጄ ተጣላሁት። «ያን ሁሉ ፎቶ ላይ ፊት እየለጠፍክ እናቴን አሳበድካት» አልኩት። አንገቱን ደፋ። «ፊት የቀየርኩት አንደኛው ፎቶ ላይ ብቻ ነው፣ የቤተሰቡ ላይ። ሌላውን ልሠራ ስከፍት የሚቀየር ፊት አላገኘሁም። ቀድሜ ሠርቼ የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ለአያ አወቀ ባሳየው እሱም ‹አሳምረኸዋል፣ ምን ቀረህ?› አለኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ የሰርግ ሥራ እየመለሰ ነው፤ ለመታወቂያ ብቻ ነው የሚያነሳው።

እኔ ግን የራሴ ማስረጃ አለኝ። ያ ባትሪ ጨረሰ ያልኩሽ ውሸት ነው። «በቃ!» ከተባለ በኋላ ከምሰሶው ጀርባ ሆኜ በወንበሩ ላይ አንስቻታለሁ። አሳትሜ ልኬልሻለሁ። ያን ፎቶ ማንም አልነካውም። ግራ ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ እያት፤ ልጅ ሆና ፈረስ የረገጣት ናት። እናትሽ ጠባሳ የላትም። የተቀመጠችው እናቴ ናት፣ ሶስና፣ የእኔ እናት!

ነይ። እናትሽን ሁላችንም አልቅሰን ሸኝተናታል፤ ያላለቀስሽላት ልጇ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ሳታለቅሺላት ያ ቀሚስ የሚወልቅ አይመስለኝም። ስትመጪ ነጭ ለብሳ በሩ ላይ ትጠብቅሻለች። እንዳትሳሳቺ፣ እንዳትራሪላት፣ «እማዬ» ብለሽ እንዳትወድቂባት። መጀመሪያ «አክስቴ» በያት። አንዴ፣ ጮክ ብለሽ፣ «አክስቴ እታለማሁ» በያት። አንቺ ካልሽው ትመለስልኛለች ብዬ አምናለሁ። ያንቺን እናት ልመልስልሽ አልችልም፤ የእኔን ግን አንቺ ልትመልሺልኝ ትችያለሽ።

ፀደይ


አማን፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደይ፦

አዲሱ ዓመት የመጽናናት ያድርግልን።

አልተቀየምኩሽም። ሰው ጥሪ ያልሽኝን ሳልሰማ ብቻዬን አነበብኩት፤ ማዳም ናቸው ከወለሉ ያነሱኝ። ለእናቴ አለቀስኩ። ነጠላዬን ለአክስቴ አዘቅዝቄው ነበርና ለእማዬ እንደገና የማዘቀዝቀው አጣሁ። ለየትኛዋ እንዳለቀስኩ አንዳንዴ ይምታታብኛል።

ፎቶሽ ደርሶኛል። ጠባሳዋን ፈለግኋት። ጠዋት መስኮቱ ጋ ሆኜ ሳየው አለች፣ አክስቴ ናት፣ እፎይ እላለሁ። ከሰዓት ኩሽና ውስጥ ሳየው የለችም። ዓይኔ ነው፣ ለቅሶ ነው ብዬ ፎቶሽንና የአበረን የቤተሰብ ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ለማዳም አሳየኋቸው። እሳቸው እናቴንም እናትሽንም አያውቁ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩና ጣታቸውን አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ላይ አሳርፈው «አንድ ሴት ናት» አሉኝ።

ማዳም ኮንትራቴ ሳያልቅ ለቀቁኝ። በጥቅምት እመጣለሁ። ለአያ አወቀ አትንገሪው፣ ሽማግሌም አይሰብሰብ፤ መርዶዬን ሰምቻለሁ። ከባሕር ዳር በሚኒባስ ቆሰበር እገባለሁ፣ ከዚያ ካንቺ ጋር ጥርባ በባጃጅ እንሄዳለን። ስልክሽን ያዢው። ማንም «አሁን!» ሳይለን ከኋላዬ ሆነሽ አንሺን፤ በሩ ላይ የቆመችው ማን እንደነበረች ኋላ አብረን እናየዋለን።

የለመንሽኝን አደርገዋለሁ፣ ቃሌ ነው። እናቴ ሄዳለች፤ ያንቺ እናት የእሷን ልብስ ለብሳ እዚያው እንድትቀርብሽ አልፈልግም። ዕቃ ሳጥብም፣ የማዳምን አልጋ ሳነጥፍም እለማመደዋለሁ። «አክስቴ። አክስቴ እታለማሁ።» ቀላል ቃል ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው የኖርኩት ነው፤ በሩ ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ እለዋለሁ።

ግን ፀደይ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ቀድማ በዚያ በልጅነት ስሜ ብትጠራኝስ?

እህትሽ ሶስና